ሁለት ልደት ያለው ንጉሥ

እሑድ፣ ጁን 2

እኔ ኬዚያ ኢስሜይ ላቦርድ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ (ሚስተር ፒልግሪም ባይስማሙም)፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በእግዚአብሔርና በሳሎኑ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው በንጉሡ ፎቶ ፊት የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ለንጉሡ ልደት ግብዣ የተዘጋጀውን ጥቁር ኬክ ከሥሩ ቦርቡሬ በልቻለሁ። ከላይ ሲያዩት ምንም አይታወቅም። ነጩ ስኳር እንደተለሰነ ነው፣ የስኳሩም ዘውድ በቦታው አለ። ውስጡ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ኬኩ አሁን ከቤታችን ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ቤታችን የምለው የእንደራሴውን ቤት ነው። እማማ፣ ኢስሜይ ተብዬ በስሟ የተጠራሁባት አያቴ ማለት ነው፣ የሴንት ኦብሪ ደሴት የንጉሡ እንደራሴ ናት። ንጉሡ የሚኖረው ለንደን ነው። የብዙ አገር ንጉሥ ስለሆነ ሁሉም ጋ መድረስ አይችልም፤ በየአገሩ አንድ አንድ ሰው በስሙ ይቀመጥለታል። እዚህ የተቀመጠችው እማማ ናት። ከዚያ በፊት የሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበረች፤ አሁንም ሚኒስትሮች ሊያናግሯት ሲገቡ መጀመሪያ ጥፍራቸውን ነው የምታየው። ሕግ ያለ እሷ ፊርማ ሕግ አይሆንም፣ ፓርላማ ያለ እሷ አይከፈትም። የምትፈርመውን ግን የሚመክራት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። አንድ ቀን «ምክሩን እንቢ ብትዪውስ?» ብያት ነበር።

«ምክር የምንለው ለጨዋነት ነው» አለችኝ።

አባዬ አንድ ልጇ ነው። ጠበቃ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ ጀልባ ገዛና ስሟን «የእማማ ቁጣ» ብሎ አወጣላት። በፋሲካ ሰሞን ከሦስቱ ድንጋዮች አጠገብ ጠልቆ ላምቢ፣ ያን ትልቁን የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ሲለቅም የጎረቤታችን ደሴት የግራንድ ማሬ ጠባቂዎች ይዘውት ሄዱ። ሦስቱ ድንጋዮች የኛ ናቸው እንላለን። ማሬዎች የኛ ናቸው ይላሉ። ድንጋዮቹ እስካሁን አስተያየት አልሰጡም። ዓመት ከመንፈቅ ፈረዱበት።

የክሱ ወረቀት ላይ «ንጉሡ፣ በቴልፎርድ ላቦርድ ላይ» ይላል። ንጉሡ! ግራንድ ማሬም ንጉሣቸው እሱ ነው። ግድግዳችን ላይ ያለው ሰውዬ፣ ያ ሜዳሊያ የበዛበት፣ አባቴን የከሰሰው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ፈገግ እያልኩ ሰላም የምለው ሰው!

ሚስተር ፒልግሪምን ጠየቅኳቸው። የእማማ ጸሐፊ ናቸው፤ ሙቀትም ይሁን ማዕበል ክራቫታቸውን አይፈቱም።

«ሰውየው አንድ ነው፣ ወይዘሪት ኬዚያ» አሉ። «ንጉሡ ግን ሁለት ነው። የዚህ አገር ንጉሥ አለ፣ የዚያ አገር ንጉሥ አለ። አይተዋወቁም።»

«ጫማቸውስ አንድ ነው?»

«ቁርስሽን ብዪ።»


ሐሙስ፣ ጁን 6

አባዬ ደወለ። የሚፈቅዱለት ለአጭር ጊዜ ነው። ሳቀ። ሲስቅ ነው የምፈራው።

እግሩ ላይ «ትንሽ ቁስል» አለች። ስኳር ያለበት ሰው ትንሽ ቁስል የለውም።

«ሐኪሙ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል ተብለናል» አለኝ። «የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ነው ያልተነገረን።»

እማማ ስልኩን ተቀበለችኝና «ካልሲህን ትቀይራለህ?» አለችው። ልጇ ታስሮ ስለ ካልሲ! ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዝናቡን ታያለች መሰለኝ። ዝናብ አልነበረም።

አንድ ተስፋ አለ። በግራንድ ማሬ ልማድ በንጉሡ ልደት ጥቂት እስረኞች ምሕረት ይደረግላቸዋል። ልደቱ እኛ ጋ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፣ እነሱ ጋ ደግሞ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ። ሰውየው የተወለደው በአንዱም ቀን አይደለም። ግን ግድ የለም፤ አባቴን ከፈታልኝ በየሳምንቱ ይወለድ።


ቅዳሜ፣ ጁን 8

የፖሊስ አዛዡ በሰይፋቸው ኬኩን ቆረጡ። ሰይፉ ገባ፣ ኬኩም እንደ አሮጌ ጣሪያ ወደ ውስጥ ተናደ። ዘውዱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ነው። ሚስተር ፒልግሪም «እርጥበት ነው» አሉ፤ እንዲያ ዓይነት ፊት ለብሰው ሲናገሩ እኔም ላምናቸው ምንም አልቀረኝም። በልቤ አመሰገንኳቸው።

ሌላው ሁሉ አስቀያሚ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቻርለሪ መጥቶ ነበር (በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱ አልለውም፤ ደብተሩ የኔ ነው)። የዝንጅብል መጠጥ ሳዞር ለአንዱ ሚኒስትሩ እንዲህ ሲለው ሰማሁ፦ «ሦስቱ ድንጋዮች ማለት ድምፅ ማለት ነው። ምርጫ ሳያልፍ ከማሬዎች ጋር ስስቅ ፎቶ ከተነሳሁ አለቀልኝ።»

ባለ ትልቅ ባርኔጣዋ ሴትዮ ደግሞ ለጓደኛዋ፦ «ልጇ እስር ቤት፣ እሷ ዘውድ ሥር። ምን ዓይነት ልብ ነው?»

«ልብ ሳይሆን ማዕረግ ነው የኔ እመቤት፤ ማዕረግ ያስቀምጣል።»

መጠጡን ቀሚሷ ላይ ደፋሁት። በስሕተት ነው። በስሕተት ነው ብያለሁ።


ማክሰኞ፣ ጁን 11

ማክሰኞ ማክሰኞ ቻርለሪ ከእማማ ጋር ብቻቸውን ይገናኛሉ። የሚሉት ምሥጢር ነው፤ በጥናት ክፍሉና በጓዳው መካከል ግን ሰሃን የሚተላለፍባት ትንሽ መስኮት አለች፤ መዝጊያዋም ከእርጥበት ብዛት አይገጥምም። የንጉሡ ምሥጢርና የኔ ጆሮ የሚለያዩት በጣት ስፋት ነው።

እማማ እንዲህ አለች፦ «ሚስተር ቻርለሪ፣ የማሬው እንደራሴ ሰር ዊንዴል ምሕረት የሚያደርገው የራሱ ሚኒስትሮች ሲመክሩት ነው። እኔ ልጠይቀው አልችልም። የእርስዎ መንግሥት ግን መንግሥታቸውን መጠየቅ ይችላል።»

«ክብርት ሆይ፣ ልጅዎ ባይሆን ኖሮ...»

«ልጄ ባይሆንም ዜጋዎ ነው።»

«ጊዜው አይደለም። ሐሙስ በዙፋኑ ንግግር እነሱን የሚነካ አንቀጽ አለ። ያውቁታል።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው...»

እዚህ ላይ ሚስተር ፒልግሪም ሻይ ሊያዙ ወደ ጓዳ መጡና የዳቦ ፍሬ የምልጥ መስዬ ወጣሁ። ቢላዋ አልያዝኩም ነበር። የቀረውን ባልሰማም ያው ነው። እንቢ አለ። እሷም ቁጭ ብላ እንቢታውን ተቀበለች፤ ሻይም ጨምራለት ይሆናል!


ሐሙስ፣ ጁን 13

ይኼን መርሳት አልፈልግም።

ፓርላማው ተከፈተ። እማማ ነጭ ጓንቷን አድርጋ ከከፍተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ንግግሩን የሚጽፈው መንግሥት ነው፣ የምታነበው እሷ ናት፤ «መንግሥቴ» እያለች፣ በንጉሡ አፍ። በመሃል እዚያ አንቀጽ ላይ ደረሰች።

«መንግሥቴ በግራንድ ማሬ ዘራፊዎች ፊት አይንበረከክም። መንግሥቴ ከእነዚህ ሰዎች ምንም ነገር አይለምንም።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የማባዛት ሠንጠረዥ እንደምታስነብብ አስተማሪ ነበረች። የምክር ቤቱ አባላት ጠረጴዛ ደበደቡ። ቻርለሪ በጉልበቱ ላይ ጣቶቹን ያጫውት ነበር። እኔ ከላይ ከሰገነቱ ጓንቷን ብቻ ነበር የማየው። ገጹን ስትገልጥ ሁለት ገጽ አብሮ ተገለጠባት። መለሰችው።

ማታ በሬዲዮ የግራንድ ማሬውን ሰማን። እነሱም ፓርላማቸውን በዚሁ ቀን ነው የከፈቱት። ሰር ዊንዴል በዚያ በሚያንቀላፋ ድምፃቸው፦ «መንግሥቴ የባሕር ድንበራችንን በሚጥሱ የሴንት ኦብሪ ሌቦች ላይ አይራራም።»

ማለት ንጉሡ ጠዋት በእማማ አፍ ማሬዎችን ሰደበ፤ ከሰዓት በኋላ በሰር ዊንዴል አፍ አባቴን ሰደበ፤ ማታ ለንደን እራቱን በልቶ ተኛ።

ይኼን ለእማማ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። «ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሂጂ» አለችኝ። ዕቃ የሚያጥብ ሰው አለን እኮ።


እሑድ፣ ጁን 16

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማማና ሰር ዊንዴል ይደዋወላሉ። በወጣትነታቸው አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ነው የተማሩት። ወሬኞች ሊያገባት ጠይቋት ነበር ይላሉ። ሚስተር ፒልግሪም ይኼን ስጠይቃቸው ክራቫታቸው ጠበበባቸው።

ዛሬም ደወሉ። አጠገቧ ተቀምጬ እየሰማሁ ነበር።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?... በሙቅ ውኃ ያዘው ብዬሃለሁ... እኛ ጋ ማንጎው ዘንድሮ ትል አለበት... እሱ ሞተ እንዴ? መቼ ተቀበረ?...»

ስለ ጉልበት! ስለ ማንጎ! አባቴ ከሰር ዊንዴል ስልክ የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ላይ ታስሮ፣ ሁለቱ የንጉሥ እንደራሴዎች ስለ ትል ያወራሉ። ስልኩን ስትዘጋ ፈነዳሁ።

«ለምን አልጠየቅሽውም?»

«አይቻልም።»

«ጓደኛሽ አይደለም?»

«ጓደኛዬ ስለሆነ ነው የማይቻለው። እሱ ለኔ ብሎ ቢፈታው ነገ ሚኒስትሩ ያባርረዋል፤ ቴልፎርድንም መልሰው ያስሩታል። መንገድ አለው፣ ኬዚያ። መንግሥት መንግሥትን ነው የሚጠይቀው።»

«መንግሥት አልጠየቀማ!»

«የማክሰኞው ነገር የማክሰኞ ነው» አለች። ይኼ መልስ ነው?

በንዴት ጓዳ ገብቼ የቤቱን የውስጥ ስልክ አነሳሁና በእማማ ድምፅ ምግብ አብሳያችንን ሚስ ኦዴትን አዘዝኳት፦ «ኦዴት፣ የዘይቱና ማርማላታውን ለልጅቷ ስጫት፣ ከስታለች።» ሚስ ኦዴት «እሺ ክብርት» ብላ ማሰሮውን ሙሉ ይዛ መጣች። ድምፅዋን ከትንሽነቴ ጀምሮ እችልበታለሁ። ከአፍንጫ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ እንደ በር ይዘጋል።

ማርማላታው አልበላ አለኝ።


ረቡዕ፣ ጁን 19

አባዬ አልደወለም። አንድ ጠባቂ ደወለ። ጥሩ ሰው መሰለኝ፣ በሹክሹክታ ነበር። የአባዬ የእግሩ አውራ ጣት ጠቁሯል። ትኩሳት አለው። የምሕረቱ ዝርዝር በዚህ ሳምንት ነው የሚዘጋው።

እማማ ሰሜን ናት፣ የሕፃናት ክሊኒክ ሪባን ልትቆርጥ። ሚስተር ፒልግሪም አብረዋት ሄደዋል።

የጥናት ክፍሉ በር ክፍት ነበር።

ዛሬ ያደረግኩትን አልጽፍም። አጭር ነበር። ሰውየው አሳዝነውኛል። ጉሮሮዬን ያመኛል።


ቅዳሜ፣ ጁን 22

እነሱ ጋ የንጉሡ ልደት ነው። በሬዲዮ የመድፍ ድምፅ፣ ሰልፍ፣ ከዚያ ስሞቹ ተነበቡ። እማማ ወንበሯን ወደ ሬዲዮው አስጠጋች። እንዲህ አድርጋ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና፣ ፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ።

ዶሮ የሰረቀ። በሰከረበት ቡጢ የሰነዘረ። የሁለት ልጆች እናት። አንድ ሽማግሌ።

ላቦርድ የለም።

እማማ ስሞቹ ካለቁ በኋላ ሙዚቃው እስኪያልቅ ተቀመጠች። «ነበር እኮ» አለች፤ ለኔ አልነበረም። ሚስተር ፒልግሪም ሬዲዮውን ዘጉት።

ምን ማለቷ ነው፣ ነበር?


ሰኞ፣ ጁን 24

አሁን ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

የግራንድ ማሬ አንድ ሚኒስትር ዛሬ ፓርላማቸው ውስጥ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ የሴንት ኦብሪ እንደራሴ ባለፈው ረቡዕ በቀጥታ ለኛ እንደራሴ ደውላ ልጄን ፍታልኝ ብላለች፤ ይኼ የአንዱ አገር ዘውድ በሌላው አገር ዘውድ ሥራ እጁን ማስገባቱ ነው፤ ነውር ነው። ወደ ሰር ዊንዴል ቢሮ የሚገባ ጥሪ ሁሉ ይመዘገባል፤ ለሚኒስትሮቻቸውም ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። አሳወቁ። ሚኒስትሮቹም መከሩ። ስሙም ተሰረዘ።

ተሰረዘ። ለመሰረዝ መጀመሪያ መጻፍ አለበት።

ሚስተር ፒልግሪምን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር! እሳቸው! በአደባባይ ደረጃ ላይ!

«ስሙ ነበረበት እንዴ?» አልኳቸው።

«ነበረበት። ሚስተር ቻርለሪ ያን ማክሰኞ መጨረሻ ላይ እሺ አሉ። እንዳይታወቅባቸው፣ በጸጥታ፣ ሚኒስትራቸውን ወደ ማሬዎቹ ሚኒስትር ላኩ። ክብርት ሦስት ማክሰኞ ነው የለመኗቸው... የተከራከሯቸው ማለቴ ነው። ማሬዎችም እሺ ብለው ነበር። ማንም ድምፁን ካላሰማ።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«የማክሰኞው ነገር ለማንም አይነገርማ፣ ልጄ።» ልጄ አሉኝ። ከዚያ ዓይኔን አዩኝ፤ ቶሎ ብለው ደግሞ ወደ ሌላ አዩ። «ክብርት ረቡዕ ዕለት ሰሜን ነበሩ። አብሬያቸው ነበርኩ» አሉ፤ ለደረጃው ይመስል።

ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ትንሽ ብቆይ ኖሮ። ሚስተር ፒልግሪም ሻይ ባይጠማቸው ኖሮ። እሷ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ። ሁሉም ሰው ጥፋተኛ ነው። ስም ዝርዝሩን እያወጣሁ ነው። እስካሁን የጎደለ ሰው አለ።


ማክሰኞ፣ ጁን 25

ቻርለሪ መጣ። ዛሬ ሰላምታም አልነበረም። ከጓዳው ሰማሁ። ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻው።

«ደውለዋል ወይስ አልደወሉም?»

«ጥሪው ከዚህ ቤት ወጥቷል። ለዚህ ቤት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩም!»

«የመለስኩት ግን እሱን ነው።»

«ክብርት ሆይ፣ ይኼን ነገር ለእርስዎ ብዬ አንገቴን ሰጥቼ ነው ያደረግኩት። አሁን ጋዜጦቹ ቻርለሪ በጓሮ ማሬዎችን ለምኗል ይላሉ። ለንደን መጻፍ አለብኝ። ሌላ ምርጫ አልሰጡኝም።»

«ይጻፉ። ደግሞ ሲጽፉ ቀኑን ከላይ አያድርጉት፤ ሁልጊዜ ከላይ ያደርጉታል።»

የሷ ተማሪ እንኳ አልነበረም። ሳቄ መጣ፣ ግን ሳቅ አልነበረም የወጣው።

መግባት ነበረብኝ። መዝጊያውን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እጄ እንጨቱ ላይ ነበር። ከዚያ ሚስ ኦዴት የካላሉ ጎመን ልትቆርጥ መጣች። ሚስ ኦዴት ባትመጣም አልከፍተውም ነበር።


ሰኞ፣ ጁላይ 1

እግሩን ቆረጡት። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ። ዛሬ ጠዋት። ደህና ነው ይላሉ። ደህና ማለት ምን ማለት ነው?

ገና ከዓመት በላይ ይቀረዋል፤ ያን ሁሉ እዚያ እስር ቤት ውስጥ፣ ሐሙሱ ያልታወቀ ሐኪም ጋ።

እማማ ዛሬ ሦስት ሕግ ፈረመች። አንደኛው ስለ ውሻ ነው።


ዓርብ፣ ጁላይ 5

ከለንደን ደብዳቤ መጣ። ንጉሡ፣ የሴንት ኦብሪ ሚኒስትሮቹ በመከሩት መሠረት፣ የእማማን ሹመት አንስቷል። ለረጅም አገልግሎቷ ልባዊ ምስጋናውን ያቀርባል። ወረቀቱ ወፍራም ነው። እማማ አንብባ ለሚስተር ፒልግሪም ሰጠቻቸው።

«ሥነ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው» አለች።

«ክብርት ሆይ፣ ንጉሡ ቢያውቁ ኖሮ...»

«ቢያውቅም ይኼንኑ ነው የሚጽፈው። እዚህ ስለኔ የሚሰማው ቻርለሪን ነው። እዚያ ስለ ቴልፎርድ የሚሰማው ማሬዎችን ነው። እኔስ ስንት ጊዜ ሳላምንበት ፈረምኩ? እሱ ላይ አልፈርድም።»

ወደ ሳሎኑ ሄጄ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየሁት። አንድ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር፣ ስድብ። ግን ፊቱ እንደ እማማ ፊት ነው፣ የዙፋኑን ንግግር ስታነብ እንደነበረው። ተውኩት።

እማማ ምንም አልጠየቀችኝም። እራት ላይ የደረቀ ዓሣ እሾህ እያወጣች ሰሃኔ ላይ አደረገችልኝ፣ እንደ ሕፃን። አንድ ጊዜ እንኳ ብትቆጣኝ ምናለ። እሷ እኮ ማንንም መቆጣት ትችላለች። የማታውቅ ከሆነ እንዴት ነው የምነግራት? እንዳላወቀች ነው የማስበው። እንደዚያ ማሰብ ይሻለኛል።


ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ሻንጣዎች። ሳጥኖች። የመጻሕፍት አቧራ። ነገ አዲሱ ሰው ይገባል። ባንዲራ ያላት መኪና ጠዋት ተወሰደች፣ ሹፌሩ አለቀሰ። ከሁሉም ሚስ ኦዴት ትብሳለች፤ ማሰሮዎቹን በስማቸው እየጠራች ትሰናበታለች።

ጓዳ ነኝ። ወለሉ ላይ፣ ከመስኮቷ ሥር፣ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ። እማማና ሚስተር ፒልግሪም ጥናት ክፍሉ ውስጥ መጽሐፍ እያሰሩ ነው። የሚሉትን እዚያው በዚያው እጽፋለሁ።

ሚስተር ፒልግሪም፦ «እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ክብርት ሆይ።»

«ክብርት ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ነው። የትኛውን እውነት?»

«እርስዎ እንዳልደወሉ። እኔ እመሰክር ነበር። ሰር ዊንዴልም ቢሆኑ...»

«ዊንዴል ያውቃል።»

ገመድ ሲጎተት ይሰማል።

«ያውቃሉ?»

«ለሚኒስትሮቹ ካሳወቀ በኋላ ነው የገባው። ቅዳሜ ማታ ከራሱ ቤት ስልክ ደወለልኝ። 'ኢስሜይ፣ ያቺ ሴትዮ እባክህ እያለች ለመነችኝ' አለኝ። 'ድምፅዋ ያንቺ ነው፤ ግን አንቺ ከተዋወቅን ጀምሮ እባክህ ብለሽኝ አታውቂም። ሊያገባሽ የጠየቀሽን ሰው እንኳ እንቢ ያልሽው ያለ እባክህ ነው።' ልናገር አለኝ። አትናገር አልኩት።»

(ጽሑፉ ጠሟል።)

«ለምን? ልጅቷ ልጅ ናት፣ ሕፃን ናት ይሏታል፣ ይቅር...»

«ፒልግሪም፣ የንጉሥ እንደራሴ ነኝ ብሎ በመንግሥት መስመር የሌላ አገር መንግሥትን ያታለለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው እኔና አንተ ሕጉን እናውቀዋለን። አሥራ ስድስት ዓመት ደግሞ እዚያ ሕፃን አይባልም። አንዱን ልጄን በንጉሡ ስም አስረውታል። ሁለተኛ አልሰጣቸውም። ወንበር ነው የወሰዱብኝ፤ ወንበር ይመጣል፣ ይሄዳል።»

ሚስተር ፒልግሪም አፍንጫቸውን ጠረጉ። በመሐረብ ይመስለኛል። በክራቫቱም ሊሆን ይችላል።

«አሁንስ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ነገ በጠዋቱ መርከብ እሻገራለሁ። እዚህ ወንበር ላይ እያለሁ ትንፍሽ ማለት አልችልም ነበር፤ አንዲት ቃል ባወጣ አንድ አገር ሌላውን አገር ተናገረ ይባላል። አሁን ማንም አይደለሁም። አሮጊት ነኝ፣ እግሩ የተቆረጠ ልጅ እናት ነኝ። መጀመሪያ ዊንዴል በር ላይ እቆማለሁ። የሱም እጅ እንደኔው የታሰረ ነበር፣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከሱ ተነስቼ ሚኒስትሮቹ በር ላይ እቆማለሁ፣ በተራ። ፀሐይም ይሁን ዝናብ። አንድ ሳምንት ቆሜ ካላፈሩ ሁለተኛ ሳምንት እቆማለሁ። እናት ለልጇ ለመለመን የማንም ምክር አያስፈልጋትም።»

«ብቻዎን?»

ወንበር ተገፋ። ወደዚህ የምትመጣ ይመስለኛል። አይ፣ ቆመች።

«ልመና አላውቅበትም፣ ፒልግሪም» አለች። ድምፅዋ ቀረበ። «ተማሪ ሆኜም፣ ሚስት ሆኜም አልተማርኩትም። በዚህ ቤት እባክህ ማለት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ነገ አብራኝ ትሄዳለች። አባቷን ትጎበኛለች። ዊንዴልን ደግሞ ፊት ለፊት፣ በገዛ ድምፅዋ፣ ታናግረዋለች።»

ጣቶቿ መዝጊያው ላይ ናቸው። እንጨቱ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ብርሃን ገባ፤ ደብተሬ ላይ

«ኬዚያ።»